ሐሪየት ተብማን፦ ከተመታ ጭንቅላት ጋር የተኖረ ሕይወት

የሐሪየት ተብማንን ስም ያልሰማ ምእመን ጥቂት ነው። በአሜሪካ የባርነት ዘመን ወገኖቿን በሌሊት እየመራች ወደ ነፃነት ምድር ያሻገረች፣ ሰዎችም ሙሴ ብለው የጠሯት ሴት ናት። በስብከት ላይ ምሳሌ አድርገን ብዙ ጊዜ አንስተናታል፤ እኔም አንስቻታለሁ። ስለ ድፍረቷና ስለ ጸሎቷ ተናግረን እናበቃለን። ይህች እህት ገና በልጅነቷ አንጎሏ ላይ ጉዳት ደርሶባት ከዚያ ጉዳት ጋር 80 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንደኖረች ግን እምብዛም አይነሣም። ዛሬ ታሪኳን በዚህ በኩል ላቀርበው ወድጃለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሪየት የተወለደችው በ1822 ገደማ በሜሪላንድ ግዛት፣ ዶርቼስተር በተባለው አውራጃ ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አራሚንታ ሲሆን በቤት ውስጥ ሚንቲ ይሏት ነበር። አባቷ ቤን ሮስ እንጨት ቆራጭ፣ እናቷ ሪት ግሪን ደግሞ የጌቶች ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሁለቱም ባሪያዎች ናቸው። ዘጠኝ ልጆች ወልደው ሦስቱ ሴቶች ልጆቻቸው ወደ ደቡብ ተሸጠው ዳግመኛ አላዩአቸውም። ሚንቲ ራሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ጀምሮ ለሌላ ቤተ ሰብ እየተከራየች ትሠራ ነበር። ሕፃን እንድታባብል ታዝዛ ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር እርሷ ትገረፋለች። የግርፋቱ ጠባሳ እስክታረጅ ድረስ አንገቷ ላይ ነበር።

አደጋው የደረሰባት ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜዋ ነው። ባክታውን በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አንድ የሸቀጥ ሱቅ ነበረ። ከቤቱ ወጥ ሠሪ ጋር ዕቃ ለመግዛት ወደዚያ ሄደች። ፀጉሯ ተበጥሮ ስለማያውቅ አፍራ ራሷን በሻርፕ ሸፍና ነበር። በዚያው ሰዓት ያለ ፈቃድ ከእርሻ ሥራው የወጣ አንድ ባሪያ ወደ ሱቁ ገባ፤ አሠሪውም ተከትሎት መጣ። ሰውየው ሲሮጥ አሠሪው ከባንኮኒው ላይ ሁለት ፓውንድ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ የሚዛን ብረት አንሥቶ ወረወረ። ብረቱ የሚሮጠውን ሰው ስቶ በር ላይ የቆመችውን ልጅ ጭንቅላቷን መታት። የሻርፑን ጨርቅ ቆርጦ ከራስ ቅሏ ጋር አጣበቀው። ያን ያልተበጠረ ጥቅጥቅ ፀጉሯን በኋላ ስታስበው ሕይወቴን ያተረፈልኝ እርሱ ሳይሆን አይቀርም ትል ነበር።

ደሟ እየፈሰሰ ወደ ጌታዋ ቤት ተሸክመው አመጧት። የምትተኛበት አልጋ አልነበራትምና በሽመና ዕቃው መቀመጫ ላይ አጋደሟት። ያን ዕለትና ማግስቱን እዚያው ዋለች። ሐኪም አልተጠራም። ከዚያም ተነሥታ ወደ እርሻ እንድትሄድ ታዘዘች፤ ደሙና ላቡ በአንድ ላይ ዓይኗ ውስጥ እየወረደ ማየት እስኪሳናት ድረስ ሠራች። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ዘወትር የሚያስቆመኝ ብረቱ ሳይሆን የሽመና መቀመጫው ነው። ብረቱን አንድ ሰው በቁጣ ወረወረው፤ መቀመጫው ላይ ያስተኟት ግን ቤት ሙሉ ሰዎች በጤናማ አእምሮ አስበው ነው።

ጉዳቱ ከዚያ በኋላ አልለቀቃትም። ከባድ የራስ ምታት ነበረባት። በማናቸውም ሰዓት፣ ሰው እያነጋገረች ሳለች እንኳ፣ በድንገት እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ሰዎች ቢቀሰቅሷትም አትነቃም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትነቃና ንግግሯን ካቆመችበት ትቀጥላለች። ታሪኳን ያጠኑ ሰዎች ሁኔታዋ ከአንጎል ጉዳት በኋላ የሚመጣ የሚጥል በሽታ፣ በተለይም ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል የሚነሣው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህ ዓይነቱ ሁልጊዜ ሰውን መሬት ላይ ጥሎ አያንፈራግጥም። አንዳንዴ ሰውየው ዓይኑ ፈዝዞ ዝም ይላል፤ አንዳንዴም ድምፅ ይሰማል፣ ብርሃን ያያል፣ ሕልም የሚመስል ነገር ውስጥ ይገባል። ጭንቅላት ተመትቶ ቁስሉ ከዳነ ከወራት አልፎም ከዓመታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ቤተ ሰብ ሕመሙን ከአደጋው ጋር አያገናኘውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። አገልግሎት በጀመርኩባቸው ዓመታት በአምልኮ መካከል በተደጋጋሚ የሚወድቅ አንድ ወጣት ነበረን። በወደቀ ቁጥር ተሰብስበን እንገሥጽ ነበር። ከአገልጋዮቹ መካከል አንድም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ከዚህ በፊት ጭንቅላትህን ተመትተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ አልጠየቀውም። የመኪና አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር እናቱ የነገረችን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ መድኃኒት ጀመረ። መጸለያችን ስሕተት አልነበረም፤ ሳንጠይቅ መጸለያችን ግን ስሕተት ነበር። ጳውሎስ እየሰበከ ሳለ እንቅልፍ ወስዶት ከመስኮት ስለወደቀው ስለ አውጤኪስ በሐዋርያት ሥራ 20 እናነባለን። ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው፤ አልገሠጸውም።

ወደ ሐሪየት ልመለስ። ጌታዋ ኤድዋርድ ብሮደስ ከጉዳቱ በኋላ ሊሸጣት ሞከረ፤ ገዢዎች እየመጡ አይተዋት ይሄዳሉ። በባርነት ገበያ ላይ በድንገት የሚያንቀላፋ ሰው ዋጋ የለውም። ደግነቱ ጉልበት ነበራት። ከአባቷ ጋር ጫካ ገብታ እንጨት ቆረጠች፣ በሬዎች ነዳች። በዓመት ከ50 እስከ 60 ዶላር ለጌታዋ እየከፈለች በቀረው ጊዜ ለራሷ እንድትሠራ ተፈቀደላት፤ ከዚያ ባጠራቀመችው አንድ ጥማድ በሬ ገዛች። በ1844 ጆን ተብማን የተባለ ነፃ ሰው አገባች፤ ስሟንም ወደ እናቷ ስም፣ ወደ ሐሪየት፣ ለወጠች።

በ1849 መጀመሪያ ታማ በተኛችበት ጊዜ ብሮደስ እንደገና ገዢ ያመጣ ጀመር። ሐሪየት በመጀመሪያ ልቡን እንዲለውጠው፣ ክርስቲያን እንዲያደርገው ስለ እርሱ ጸለየች። እርሷንና ወንድሞቿን ወደ ደቡብ ሊሸጥ መሆኑን በሰማች ጊዜ ግን ጸሎቷ ተለወጠ፤ የማይለወጥ ከሆነ ጌታ ይግደለው ብላ ጸለየች። ብሮደስ በዚያው ዓመት በማርች ሞተ። እርሷም ደነገጠች፤ ነፍሱን ወደ ኋላ መመለስ ብትችል ምን ነበረ እያለች አዘነች። ይህን ታሪክ ራሷ ሳትደብቅ ተናግራዋለች፤ እኔም አላሳምረውም።

በዚያው ዓመት መኸር ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ጠፋች። የብሮደስ ሚስት ለእያንዳንዳቸው እስከ 100 ዶላር ወረታ አስነገረች። ወንድሞቿ ፈርተው ሲመለሱ እርሷንም ይዘዋት ተመለሱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብቻዋን ወጣች፤ የሰሜንን ኮከብ እየተከተለች፣ ኩዌከር ተብለው በሚጠሩ ክርስቲያኖችና በሌሎች ረዳቶች ቤት እየተጠጋች ፊላደልፊያ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን፤ ስለዚህ በአጭሩ ልለፈው። ከ1850 እስከ 1860 ድረስ ወደ 13 ጊዜ ገደማ ተመልሳ 70 የሚያህሉ ሰዎች አወጣች፤ ሌሎች ብዙዎችም እርሷ በነገረቻቸው መንገድ ተከትለው ወጡ። በ1850 የወጣው ሕግ ያመለጡ ባሪያዎች ከሰሜን ግዛቶችም ተይዘው እንዲመለሱ ስላዘዘ፣ ብዙዎቹን ካናዳ ድረስ፣ ቅዱስ ካተሪንስ ወደምትባል ከተማ ወሰደቻቸው። ሌሊቱ ረጅም በሆነበት በክረምት ትሄዳለች። ጉዞውን ቅዳሜ ማታ መጀመር ትመርጥ ነበር፤ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ከሰኞ በፊት በጋዜጣ አይወጣምና። በ1857 ያረጁ ወላጆቿን አወጣች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያደረገችው ያ ሕመም ሳለባት ነው። አሳዳጅ ከኋላ አለ፣ ውሻ አለ፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ፤ መንገዱን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እርሷም በጫካው መካከል ድንገት እንቅልፍ ይጥላታል። አብረዋት ያሉት ምን ያደርጋሉ? ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እስክትነቃ ድረስ በዝምታ ይጠብቋታል፤ ስትነቃ ተነሥታ ትመራለች። በጉዞዎቿ ሁሉ ከመሯት ሰዎች አንድም እንዳልጠፋባት በእርጅናዋ በኩራት ትናገር ነበር። ስለ ድፍረቷ ብዙ ተጽፏል፤ ስለሚጠብቋት ሰዎች ግን ማንም የጻፈ የለም ለማለት ይቻላል። ለአንጎል ሕመምተኛ ከምናደርገው እርዳታ ሁሉ ርካሹም ከባዱም ይኸው ነው።

ስለ ራእዮቿ ደግሞ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። ከጉዳቱ በኋላ ሕልሞችና ራእዮች ታይ ነበር፤ እግዚአብሔር እንደሚያነጋግራት፣ አደጋ ሲመጣ እንደሚያስጠነቅቃት በፍጹም ልብ ታምን ነበር። አንድ ጊዜ አደጋ ተሰምቷት መንገድ ለቅቃ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ገብታ ተሻገረች፤ ተከታዮቿም ፈርተው ቢያመነቱም ተከተሏት። ሐኪሞች ይህ ከተጎዳው አንጎል የመጣ ነው ይላሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ አንዱን መርጠን ሌላውን መጣል አያስፈልገንም። ጌታ በሰባራ ዕቃ መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ዕቃው ሰባራ ነው። ራእይ ታያለች ብለን ሕመሟን መካድ፣ ታማለች ብለን እምነቷን መናቅ፣ ሁለቱም እርሷን አለማየት ይመስለኛል። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስን በጆሮዋ ሰምታ በቃሏ የያዘች ናት። የዘፀአትን ታሪክ የኖረችውን ያህል የሰበክነው ብዙዎች አንሆንም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ በ1862 ወደ ደቡብ ካሮላይና ሄደች። በሥራ ሥርና በቅጠል መድኃኒት ተቅማጥ የያዛቸውን ወታደሮች አስታመመች፤ ከዚያም ሰላይና መንገድ መሪ ሆነች። በጁን 2 ቀን 1863 በኮሎኔል ጄምስ ሞንትጎመሪ የሚመራው ጦር በኮምባሂ ወንዝ ላይ ባደረገው ዘመቻ ጀልባዎቹን መርታ ከ700 በላይ ባሪያዎች ነፃ ወጡ። ለሦስት ዓመት ለሚያህል አገልግሎት የተከፈላት 200 ዶላር ገደማ ብቻ ነው፤ ከእርሱም ላይ ነፃ የወጡ ሴቶች የወታደር ልብስ አጥበው የሚያድሩበት የልብስ ማጠቢያ ቤት አሠራች። ለራሷ የምትበላውን ሌሊት ኬክ ጋግራ እየሸጠች ታገኝ ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ በ1865 በባቡር ወደ ቤቷ ስትመለስ ትኬት ተቆጣጣሪው ከመቀመጫዋ እንድትነሣ አዘዛት፤ እምቢ ስትል ሰዎች ጨምሮ ጎትቶ አወጣት፤ ክንዷም ተጎዳ። የአገሪቱ ምስጋና ይህ ነበር።

ቤቷ በኒው ዮርክ ግዛት ኦበርን በምትባል ከተማ አጠገብ ነበር፤ በ1859 ዊልያም ሲዋርድ ከተባሉት የመንግሥት ሰው በዱቤ የገዛችው ሰባት ሄክታር ሳይሆን ሰባት ኤከር፣ ማለትም ሦስት ሄክታር የማይሞላ መሬት ነው። ያች ቤት ባዶ ሆና አታውቅም። ያረጁ ወላጆቿ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች፣ ዓይነ ስውራን፣ የሚጦራቸው የሌላቸው ሽማግሌዎች ይኖሩባት ነበር። ሐሪየት ድንች ትተክላለች፣ አሳማ ታረባለች፣ ሲጎድልም ቅርጫቷን ይዛ ከበር በር እየዞረች ለእነርሱ ትለምናለች። በሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስታወራ ድንገት ታንቀላፋለች፤ ጎረቤቶቿ ለምደውታል።

የጦርነት አገልግሎቷን ደመወዝ መንግሥትን ለ30 ዓመት ጠየቀች። የተሰጣት ማዕረግም ሆነ የተመዘገበ የቅጥር ወረቀት አልነበራትምና ጥያቄው ከቢሮ ቢሮ ተንከባለለ። ሁለተኛ ባሏ ኔልሰን ዴቪስ የቀድሞ ወታደር ነበረ፤ የሳንባ በሽታ ይዞት በ1888 ሞተ። በ1890 ለሟች ወታደሮች ሚስቶች የጡረታ ሕግ ሲወጣ አመለከተች። ባሏ በጦር ሠራዊት የተመዘገበው ኔልሰን ቻርልስ በሚል ስም ስለነበረ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን፣ በሕግ መጋባታቸውን፣ የመጀመሪያ ባሏም አስቀድሞ መሞቱን በምስክር ማረጋገጥ ነበረባት። ጭንቅላቷን የሚያማት፣ መጻፍ የማትችል የ70 ዓመት ሴት ናት። የሚጽፉላትና የሚመሰክሩላት ወዳጆችና ጎረቤቶች ባይኖሩ ኖሮ ፋይሉ እዚያው ይቀር ነበር። አምስት ዓመት ፈጅቶ በ1895 በወር 8 ዶላር ተፈቀደላት። ከዚያም የምክር ቤቱ አባል ሰረኖ ፔይን ስለ አስታማሚነቷ በወር 25 ዶላር እንዲከፈላት ረቂቅ አቀረቡ፤ ተከራክረውበት ወደ 20 ዶላር ዝቅ አደረጉት፤ ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በፌብሩዋሪ 1899 ፈረሙበት። ስለ ሰላይነቷ የተቆጠረላት ነገር አልነበረም። ባርነት ጭንቅላቷ ላይ ስለጣለው ጉዳትማ ማን ይጠይቃል?

በእነዚያው የ1890ዎቹ መጨረሻ ዓመታት የራስ ምታቱና ጭንቅላቷ ውስጥ የሚጮኸው ነገር እንቅልፍ ነሣት። ቦስተን ከተማ ወደሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በራሷ እግር ሄዳ ሐኪሙን ጭንቅላቴን ክፈትልኝ አለችው። ማደንዘዣ እምቢ ብላ፣ በጦርነቱ ወታደሮች እግራቸው ሲቆረጥ ሲያደርጉ እንዳየችው ጥይት ነክሳ እንደተኛች ይነገራል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ የራስ ቅሏን ከፍ አድርጎላት ጭንቅላቷ እንደቀለላት ተናግራለች። ከተመታች 60 ዓመት አልፎ ነበር። እርሷ ወላጆቿን ባወጣችበት በ1857 እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ሎኮክ ብሮማይድ የተባለው ጨው ለሚጥል በሽታ እንደሚረዳ ተናግሮ ነበር፤ ፌኖባርቢታል ለዚሁ በሽታ መዋል የጀመረው ደግሞ እርሷ ከመሞቷ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1912 ነው። ይህ መድኃኒት ዛሬም በአገራችን ለሚጥል በሽታ ከሚታዘዙት አንዱ ነው።

በ1896 ከቤቷ አጠገብ ያለ 25 ኤከር መሬት በሐራጅ ሲሸጥ ሄደች። በተሰበሰቡት ነጮች መካከል ጥግ ይዛ ዋጋ እየጨመረች 1,450 ዶላር ላይ አሸነፈች፤ በእጇ ግን ገንዘቡ አልነበረም። የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ጽዮን ቤተ ክርስቲያንና ባንክ ረድተዋት ገዛችው። ሕልሟ ለአረጋውያንና ለሕመምተኛ ጥቁሮች መጦሪያ ቤት መክፈት ነበር። ዕዳው ሲከብዳት በ1903 መሬቱን ለቤተ ክርስቲያኒቱ አስረከበች፤ ቤቱም በጁን 23 ቀን 1908 ተከፈተ። ታዲያ ኃላፊዎቹ የሚገባ ሰው 100 ዶላር እንዲከፍል ደንብ አወጡ። ቤት ማስተዳደር ወጪ አለው፤ እኔም የቤተ ክርስቲያን በጀት ላይ ተቀምጬ ስለማውቅ ኃላፊዎቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ሐሪየት ግን ተቆጣች። እርሷ የምትፈልገው ደንብ ተቃራኒው ነበር፤ ምንም ገንዘብ የሌለው ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይገባ።

በ1911 ጉልበቷ ከድቷት፣ በእጇም ምንም ሳይኖራት፣ ራሷ ወደዚያ ቤት ገባች። ወዳጆቿ የሚያስታምማትን ሰው ደመወዝ ለመክፈል ገንዘብ አዋጡ። በማርች 10 ቀን 1913 በሳንባ ምች ሞተች፤ በዙሪያዋ ዘመዶቿ፣ ወዳጆቿና አገልጋዮች ተሰብስበው ነበር፤ አብራቸው ዘምራለች። ኦበርን በሚገኘው በፎርት ሂል መካነ መቃብር በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ቀበሯት። በዚያች የሽመና መቀመጫ ላይ የተጋደመችው ልጅ በመጨረሻ የሞተችው አልጋ ላይ ነው፤ በገዛችው መሬት ላይ።